ዝናብ በሌለበት የሚሞላ ወንዝ

በነሐሴ ወር ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚጓዝ ሰው የዓባይ በረሃን ጫፍ ሲረግጥ ከፊቱ የሚያገኘው ጉም ብቻ ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ጉሙ ከላይ ይቀራል፤ ደጋ ላይ የተከናነቡት ጋቢ ይከብዳል፤ ከዚያም ወንዙ ይታያል። እኔ ዓባይን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚህ መንገድ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ያየሁት ነገር ውሃ አይመስልም ነበር። ቀለሙ የቡና አተላ፣ ድምፁም የወፍጮ ነበር። ከነሥሩ የተነቀለ አንድ ትልቅ ዛፍ እየተገለባበጠ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ አያቴ በጣታቸው አሳዩኝና «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አሉ።

«ግንዱን ወዴት ነው የሚወስደው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወደ ግብፅ።»

«እዚያም እንደዚህ ይዘንባል?»

«ግብፅ ዝናብ የለም ይባላል።»

«ታዲያ እዚያ ያሉት ሰዎች ይህ ሁሉ ውሃ ከየት እንደመጣ በምን ያውቃሉ?»

አያቴ መልስ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ዝም በል አላሉኝም። ጥቂት አሰቡና «እንጃ ልጄ፤ ደህና ጠየቅህ» አሉኝ። ይኸው ጥያቄ ከሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በፊት በግሪክኛ ተጠይቆ ለብዙ ትውልድ ያከራከረ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ የሄሮዶተስን የታሪክ መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ሳነብ ነው። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። ስለ ሳይንስ አጀማመር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የፓይታጎረስን ሦስት ማዕዘን ወይም የአርኪሜደስን መታጠቢያ ነው። እኔ ግን የግሪኮችን ታላቅነት ያየሁት ለረጅም ዘመን ሊመልሱት ባልቻሉት በዚህ በእኛ ወንዝ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ነገሩን በእነርሱ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። በግሪክ አገር ዝናብ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው። ለእኛ ክረምት የሆኑት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለእነርሱ ሰማዩ የጠራበት፣ ምድሩ የነደደበት ጊዜ ነው፤ ወንዞቻቸው ይቀጥናሉ፣ ብዙዎቹም ጭራሹን ይደርቃሉ። ከዚህ አገር የወጣ ነጋዴ ወይም ቅጥረኛ ወታደር ግብፅ ሲደርስ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ጠብታ ዝናብ በማያይ ምድር ላይ፣ ሙቀቱ በከፋበት ሰሞን፣ ታላቁ ወንዝ ይነሣል። ሄሮዶተስ እንደጻፈው ወንዙ ፀሐይ ወደ ሰሜን ርቃ ከምትደርስበት ቀን ጀምሮ ለ100 ቀን ያህል ሲሞላ ይቆይና ተመልሶ ይጎድላል፤ ቀዝቃዛውንም ወቅት ሁሉ ዝቅ ብሎ ይከርማል። በሌላው ዓለም ወንዝ ሲጎድል ይህ ይሞላል፤ ሌላው ሲሞላ ይህ ይጎድላል።

ግብፃውያን ይህን ከማንም በፊት ያውቁ ነበር። የወንዙን የሙላት ከፍታ ከመጀመሪያዎቹ ሥርወ መንግሥታት ጀምረው በየዓመቱ በክንድ እየለኩ መዝግበዋል፤ ዛሬ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ የሚገኘው የድንጋይ ጽሑፍ የዚህ ምስክር ነው። አስዋን አጠገብ ባለችው የኤለፈንቲን ደሴትም ወደ ወንዙ የሚወርዱ የመለኪያ ደረጃዎች አሉ። መቼ እንደሚሞላና ምን ያህል እንደሞላ የሚያውቁ፣ እርሻቸውንና ግብራቸውን በዚያ ላይ የመሠረቱ ሕዝቦች ነበሩ። ለምን ይሞላል ለሚለው ጥያቄ ግን ሐፒ የተባለው የሙላት አምላክ በቂ መልስ ነበር። ሄሮዶተስ ካህናቱንም ሌላውንም ሰው እየዞረ እንደጠየቀና ምክንያቱን የሚነግረው አንድም ሰው እንዳላገኘ በግልጽ ጽፏል። ከዚያም በኋላ ከራሱ ወገን፣ ከግሪኮች፣ በጥበብ ስም ለማግኘት የፈለጉ ሰዎች ስለዚህ ውሃ ሦስት ዓይነት ሐሳብ አቅርበዋል ይላል።

የመጀመሪያው ሐሳብ የነፋስ ነው። በዚያ ባሕር ላይ በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ግሪኮች «ዓመታዊ» ይሉታል። ይህ ነፋስ ከወንዙ አፍ ፊት ለፊት እየነፈሰ ውሃው ወደ ባሕር እንዳይገባ ስለሚገፋው ወንዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሞላል የሚል ነው። ሄሮዶተስ ስም አይጠራም፤ በኋላ የመጡ ጸሐፍት ግን ሐሳቡን የሚሰጡት ለታሌስ ነው። ታሌስ የሚሌጦስ ሰው ነበር። ሚሌጦስ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ጠረፍ የነበረች የወደብ ከተማ ስትሆን፣ በእኛ የሐዋርያት ሥራ ንባብ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ያስጠራባት «ሚሊጢን» እርሷ ናት። ነጋዴዎቿ በግብፅ ደልታ ናውክራቲስ በተባለችው የንግድ ከተማ የራሳቸው መቅደስ ነበራቸው፤ ስለዚህ የወንዙ ወሬ ለታሌስ ሩቅ አልነበረም።

መልሱ ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስሕተት ከእርሱ በፊት ከነበሩት መልሶች ሁሉ የሚለይበት ነገር አለው። ነፋስ ማንም ሰው የሚያውቀው፣ ፊቱ ላይ የሚሰማው፣ ዛሬ ነፈሰ ወይም አልነፈሰም ሊለው የሚችል ነገር ነው። ታሌስ የወንዙን ሙላት ከማይመረመር ፈቃድ አውጥቶ ሰው ሊያየውና ሊቆጥረው ወደሚችለው ነገር አመጣው። ይህን ባደረገ ጊዜ ሳያስበውም ቢሆን ራሱን ለተቃውሞ አጋለጠ፤ እኔ የማከብረውም ይህንኑ መጋለጥ ነው። በሌላው ትምህርቱም እንዲሁ ነበር። ታሌስ ምድር በውሃ ላይ ተንሳፋለች ብሎ አስተማረ፤ ደቀ መዝሙሩ እንደነበረ የሚነገርለት አናክሲማንድሮስ ግን ምድርን የያዛት ነገር የለም፣ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ርቃ ስለምትገኝ ወደ አንዱ የምታዘነብልበት ምክንያት የላትም አለ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ተማሪው የመምህሩን መሠረት አፍርሶ ሌላ አቆመ፤ የሁለቱም ስም በአንድነት ተከብሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር «ለምን?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» ይለኝ ስለነበር፣ የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

ወደ ሄሮዶተስ ልመለስ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። አያቴ በዲማ ቅኔ የተማሩ፣ ከመጻሕፍት ትርጓሜም የቀመሱ ሰው ነበሩ። አንድ ክረምት ልጠይቃቸው በሄድሁበት ጊዜ መጽሐፉን ይዤ ነበርና ከደጃፉ ላይ ተቀምጠን እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው። ሦስት ሐሳብ አለ ስላቸው ወዲያው ገባቸው፤ «አንድም እያለ ነዋ» አሉ። በእኛ የትርጓሜ ትምህርት መምህሩ አንዱን ቃል በአንድ መንገድ ከፈታ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን፣ ደግሞ ሌላውን ያወርዳል፤ ትርጓሜዎቹ ሁሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የአንዱ መኖር ሌላውን አያጠፋውም። ለቅዱስ ቃል ይህ ሀብት ነው። ሄሮዶተስ ግን ሦስቱን የደረደራቸው እየተነሣ ሊመታቸው ነው። ለእርሱ ወንዙ የሚሞላው በአንድ ምክንያት ከሆነ ሌላው ውሸት መሆን አለበት።

የነፋሱን ሐሳብ ነግሬያቸው ሄሮዶተስ የሰጠውን መልስ ከማንበቤ በፊት አያቴ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ነፋስ ነው ያቆመው? ዓባይን ብቻ ለይቶ?» አሉኝ። ሌላው ወንዝስ ለምን አይቆምም ማለታቸው ነበር። ገጹን ገልጬ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ሳይ ድምፄ ተቆራረጠ። ሄሮዶተስ ሁለት ማስተባበያ ያቀርባል፤ አንደኛ፣ ዓመታዊው ነፋስ ሳይነፍስ የቀረባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው፣ ወንዙ ግን ሞልቷል፤ ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ነፋሱ ቢሆን ኖሮ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበሉ በሶርያና በሊቢያ ያሉ ሌሎች ወንዞች ሁሉ እንደዚሁ ሊሆኑ በተገባ ነበር፤ እንዲያውም አነስተኞች ስለሆኑ ይብሱ ነበር። ከግሪኮች ክርክር ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው የጎጃም ሽማግሌ ሁለተኛውን ማስተባበያ በሰባት ቃል ባልሞላ ንግግር ተናገሩት።

ከዚያ ወዲህ ማመዛዘን የግሪኮች ርስት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህ ቀን ትዝ ይለኛል። ማመዛዘን የማንም ርስት አይደለም። የሚሌጦስና የአቴና ሰዎች ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። ገበሬ በማሳው ዳር፣ ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር የሚናገረውን ያንን ተቃውሞ በጽሑፍ አሰፈሩት፤ የተቃወሙትን ሰው ሐሳብ ከነምክንያቱ አብረው ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣውም በእነርሱ ላይ እንዲያደርገው ተዉለት። አንድ ሐሳብ ሲወድቅ ከነአወዳደቁ ስለተመዘገበ ቀጣዩ ትውልድ ከዚያው ተነሣ። አያቴ የተናገሩት ግን እኔ ባልጽፈው ኖሮ ከእርሳቸው ጋር አብሮ ይቀበር ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ፣ ወንዙ ምድርን ከሚዞረው ከኦኬአኖስ ስለሚፈስስ ነው ይህን ተአምር የሚሠራው የሚል ነው። ሄሮዶተስ ለዚህኛው የሰጠውን መልስ ለብዙ ጊዜ ሳላስተውለው አልፌው ነበር፤ ዛሬ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወድደው ክፍል ነው። ሐሳቡ ስሕተት ነው አይልም። ይህን የተናገረ ሰው ነገሩን ወደማይታይ ስፍራ ስለወሰደው ማስተባበያ የለውም ይላል፤ ኦኬአኖስ የሚባል ወንዝ አላውቅም፣ ስሙን ሆሜር ወይም ከእርሱ የቀደመ ሌላ ባለቅኔ ፈጥሮ ወደ ግጥም አስገብቶት ይመስለኛል ብሎ ያልፈዋል። ይህ ረቂቅ ልዩነት ነው። የነፋሱ ሐሳብ ተፈትኖ ወደቀ፤ የኦኬአኖሱ ሐሳብ ግን ሊፈተን ራሱ አይችልም። ማንም ሊያስተባብለው የማይችል አነጋገር በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ብርቱ አነጋገር ይቆጠራል፤ ተናጋሪውም ረታ ይባላል። ሄሮዶተስ ግን፣ በአምስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ይህንኑ የነገሩ ትልቁ ድክመት አድርጎ አየው። ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚኖረው በዚህ ልዩነት ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ የበረዶ ነው፤ ከደቡብ ካሉ ተራሮች በረዶ እየቀለጠ ወንዙን ይሞላል የሚል። የዚህ ሐሳብ ባለቤት አናክሳጎራስ ነው ይባላል። አናክሳጎራስ አቴና ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ሲሆን ፀሐይ አምላክ ሳትሆን ከፔሎፖኔዝ ምድር የምትበልጥ የጋለች ግዙፍ አካል ናት በማለቱ በአማልክት ክደት ተከስሶ ከተማዋን ለቅቆ ወጥቷል። ሶቅራጥስም በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በዚያችው ከተማ መርዝ ጠጥቶ እንዲሞት ተፈርዶበታል። ይህን መደበቅ አልሻም። ባሪያዎቻቸውና ሴቶቻቸው በአደባባዩ ክርክር እንዳይናገሩ የከለከሉ ሰዎችም እነዚሁ ናቸው። ምክንያትህን አቅርብ የሚለውን መመዘኛ ለዓለም የሰጠች አቴና ራሷን በዚያ መመዘኛ ሳትመዝን የቀረችበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሄሮዶተስ ከሦስቱ ለእውነት የሚመስለው ግን ከእውነት ከሁሉ የራቀው ይህ የበረዶው ሐሳብ ነው ይላል፤ ምስክሮቹንም ይቆጥራል። ወንዙ የሚመጣው ከሞቃት አገር ወደ ቀዝቃዛ ነው፤ ከዚያ የሚነፍሱት ነፋሳት ሙቅ ናቸው፤ የአገሩ ሰዎች ከሙቀቱ የተነሣ ጥቁሮች ናቸው፤ ጭልፊትና ጨረባ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አይለዩም፤ ክሬን የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ደግሞ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚከርሙት በዚያ ነው። አገሩ ዝናብም ውርጭም የለውም ብሎም ይጨምራል። እነዚህን ቃላት ለአያቴ ስተረጉም ከደጃፉ ፊት ለፊት ዝናቡ ይወርድ ነበር። አያቴ ዝናቡን አዩ፣ እኔን አዩና «ክረምት አልመጣም እንዴ ሰውዬው?» አሉ። አልመጣም። ራሱ እንደሚለው እስከ ኤለፈንቲን ድረስ በዓይኑ ያየ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው በመስማት ነው። ለግሪኮች «ኢትዮጵያ» ማለት ደግሞ በመጀመሪያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለችው ኑቢያ ናት፤ ከእርሷ ጀርባ ያለውን የእኛን ደጋ ገና አልደረሱበትም። የሰማውን በረሃ ይዞ ያላየውን ተራራ ፈረደበት።

ይህን ስሕተት ያረመው ምን እንደሆነ ሳስብ አንድ ሌላ የግሪክኛ ጽሑፍ ትዝ ይለኛል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ ነው። ንጉሡ ስለ ስሜን ዘመቻው ሲናገር ውርጭና ብርድ የማይለይበት፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ያለበት አገር መሆኑን ያወሳል። ሄሮዶተስ የለም ያለው ውርጭ በራሱ ቋንቋ በራሳችን ንጉሥ አፍ ተመሰከረ። በእርግጥ ወንዙን የሚሞላው በረዶ አይደለም፤ ነገር ግን አናክሳጎራስ ከደቡብ ከፍ ያለና የቀዘቀዘ ምድር አለ ብሎ ማሰቡ ከሄሮዶተስ የተሻለ ነበር።

ሦስቱን ከጣለ በኋላ ሄሮዶተስ የራሱን አቀረበ። በብርዱ ወራት ዐውሎ ነፋስ ፀሐይን ከመንገዷ ወደ ደቡብ ስለሚገፋት በዚያ ላይ ሆና የወንዙን ውሃ ወደ ላይ ትስባለች፤ ስለዚህ ወንዙ ይጎድላል፤ ሙሉ የሆነበት ጊዜ ግን የተፈጥሮ መጠኑ ነው አለ። ፈጽሞ ስሕተት ነው። ቢሆንም በውስጡ ያለውን የአስተሳሰብ ብልኀት ልብ ማለት ይገባል፤ ሁሉም ሰው ለምን ይሞላል ብሎ ሲጠይቅ እርሱ ጥያቄውን ገልብጦ ለምን ይጎድላል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄን እንዲህ ማዞር ከዚያ ወዲህ ስንት በር እንደከፈተ የሳይንስን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠን ብሎ ሄደ። የአብዴራው ዴሞክሪተስ፣ ያው የማይከፋፈሉ ጥቃቅን አካላትን ያሰበው ሰው፣ የተጣሉትን ሐሳቦች ፍርስራሽ ሰብስቦ አዲስ ቤት ሠራ። በሰሜን ያለው በረዶ ሲቀልጥ ተን ይነሣል፣ ደመና ይሆናል፤ ዓመታዊው ነፋስ ደመናውን ወደ ደቡብ ይነዳዋል፤ ደመናው በኢትዮጵያ ዙሪያ ካሉት ታላላቅ ተራሮች ጋር ሲጋጭ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል፤ ወንዙም በዚህ ይሞላል አለ። ከታሌስ ነፋሱን፣ ከአናክሳጎራስ በረዶውንና ተራራውን ወሰደ። የደመናው መነሻ አልሆነለትም፤ የእኛ የክረምት እርጥበት ከሰሜን በረዶ የመጣ አይደለም፣ በዋናነት ከደቡብና ከምዕራብ፣ ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖሶች በኩል የሚነሣ ነው። የተራራው ነገር ግን ትክክል ነው፤ ደመና ከፍ ያለ ምድር ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። አንድም ጊዜ ደጀን ሳይደርስ፣ ኤጅያን ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ እኔ ከአውቶቡስ መስኮት ያየሁትን ጉም በሐሳቡ አየው።

በአርስቶትል ስም የተላለፈና በላቲን ትርጉም ብቻ የደረሰን አንድ አጭር ጽሑፍ ሐሳቦቹን ሁሉ አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ ነገሩ ከእንግዲህ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል፣ ዝናቡ በዓይን ታይቷልና ይላል። በሁለተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነበረው የክኒዶሱ አጋታርኪደስ ደግሞ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ከምትርቅበት ቀን ጀምሮ መዓልትና ሌሊት እኩል እስከሚሆኑበት እስከ መጸው ድረስ ዝናብ ሳያቋርጥ እንደሚዘንብ ጽፏል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ማለት ነው። ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻም።

በዓይናቸው ያዩት ሰዎች እነማን ነበሩ? የመልክዓ ምድር ጸሐፊው ግሪካዊ ስትራቦ እንደሚነግረን የቀደሙት ሰዎች በአመዛኙ በግምት፣ በኋላ የመጡት ግን በማየት አወቁት፤ ካዩትም መካከል የግብፅ ነገሥታት የሆኑት ጶጥሊሞሶች ለዝሆን አደን ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ የላኳቸው ሰዎች ይገኙባቸዋል።  ለጦርነት የሚሆን ዝሆን ፍለጋ ሄደው ታሌስ፣ አናክሳጎራስና ሄሮዶተስ ያጡትን መልስ በልብሳቸው ላይ ይዘው ተመለሱ። ያዩት ነገር መልስ መሆኑ የታወቀው ግን ጥያቄው ቀድሞ በሚገባ ስለተጠየቀ ነው። የእኛ አባቶች በዚያ ዝናብ ውስጥ ለሺሕ ዓመታት ኖረዋል፤ ማንም መጥቶ ስላልጠየቃቸውና እነርሱም የግብፅን ድርቅ ስላላዩ ያወቁት ነገር የማን ጥያቄ መልስ እንደሆነ አላወቁም። ግብፃዊው ሙላቱን፣ ጎጃሜው ዝናቡን ይዞ ነበር። ሁለቱን ያገናኘው ክርክሩ ነው።

ግሪኮች ይህን ሁሉ ከራሳቸው አላመነጩትም፤ ራሳቸውም እንዲህ አላሉም። ሄሮዶተስ ጂኦሜትሪ ከግብፅ፣ የፀሐይ ሰዓትና የቀን በ12 መከፈል ከባቢሎን ወደ ግሪክ እንደመጡ ሳይሸሽግ ጽፏል። የተማሩትን ከማን እንደተማሩ መናገራቸው እኔን ይበልጥ ያስከብራቸዋል እንጂ አያሳንሳቸውም። በእኛም ቋንቋ ውስጥ ያኖሩት አለ፤ «ፈላስፋ» የምንለው ቃል የእነርሱ ነው፣ ትርጉሙም ጥበብን የሚወድ ማለት ነው። ጥበብ ያለው አላሉትም።

ዛሬ ግብፅ ከሚደርሰው የወንዙ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ደጋ እንደሚሄድ ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቃል። ይህን በመሣሪያ የሚለኩ፣ በሳተላይት የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። የጥያቄው ባለቤት የነበረው ሄሮዶተስ ግን መልሱን በእጁ ይዞ እንደነበረ ያሳዩኝ አያቴ ናቸው። የዚያን ዕለት ማታ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከክርክሩ አሥር ምዕራፍ ያህል ቀድሞ ያለውን ሌላ ክፍል አነበብሁላቸው። ግብፅ የወንዙ ስጦታ ናት ይላል፤ አገሩ ድሮ የባሕር ሰላጤ ነበር፣ ወንዙ ባመጣው ደለል ተሞላ፣ ይህ ወንዝ ወደ ቀይ ባሕር ቢዞር በ20 ሺሕ ዓመት፣ ምናልባትም በ10 ሺሕ፣ ያንንም ይሞላው ነበር ይላል። የግብፅ አፈር የሊቢያን ቀይ አሸዋና የዓረብን ሸክላማ መሬት አይመስልም፤ ጥቁርና የሚሰነጣጠቅ ነው፣ ከኢትዮጵያ ወንዙ ጠርጎ ያመጣው ጭቃ ነውና ይላል።

አያቴ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምሁት። ጥቁርና የሚሰነጣጠቅ አፈር በእኛ አገር መረሬ ይባላል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ከእግር አይላቀቅም። አያቴ ስድሳ ዓመት ያረሱት እርሱን ነው። ከተቀመጡበት ጎንበስ ብለው ከደፉ ላይ እርጥብ ጭብጥ አነሡና በጣታቸው እያሹ ማሳቸውን ለሁለት ወደ ከፈለው ቦረቦር ተመለከቱ፤ ውሃው ገና እየወረደበት ነበር።

«ዝናብ የለም ካለ» አሉ፣ «ይህንን ማን አወረደልኝ ይላል?»